የእትዬ ይርጋነሽ ተማሪዎች የክርስትና ስም

ቢቸና ውስጥ ዛሬ ጎልማሳ ከሆነው ሰው ብዙው፣ ስሙን መጀመሪያ የጻፈው እትዬ ይርጋነሽ ፊት ተቀምጦ ነው። እኔ ስጦታውም ከነዚያ አንዱ ነኝ። አሁን ቄስ ሆኛለሁ፤ ሰው መስቀሌን ይሳለማል፤ እትዬ ይርጋነሽም ይሳለማሉ። ተሳልመው ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ጥፍሬ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰኞ ጠዋት ጥፍር ያዩ ነበርና ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። እኔም ብሆን እሑድ ያዩኛል ብዬ ቅዳሜ ጥፍሬን እቆርጣለሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው የምለው፤ ባለቤቴ ግን ታውቃለች።

የተወለዱት ሞጣ ነው። ማስተማርም የጀመሩት እዚያው ሞጣ ነበር። ባላቸው የግብርና ባለሙያ ነበሩና ወደ ቢቸና ሲዛወሩ ተከትለዋቸው መጡ፤ ባላቸው ቀድመው ዐረፉ፣ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። ልጅ አልወለዱም። ይህን ግን ፊት ለፊት የሚናገራቸው የለም። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አንዲት ሴት «እርስዎማ ልጅ የለዎት፣ ምን ያስቸኩልዎታል» ብላ አፏ ቢያመልጣት፣ «ከየትኛው ልጀምርልሽ?» ብለው ስም መጥራት ጀመሩ። ሴትዮዋ እህሏን እንደተሸከመች እግሯ እስኪዝል ስታዳምጥ ቆየች ይባላል።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ነው። ስለዚህ ፊደል ከሚቆጥር ሕፃን ጋር አንደኛ ክፍል መቀመጤ ውርደት መስሎ ታየኝ። መጽሐፉን ስጡኝ አልኩና በዜማ አንበለበልኩት። እትዬ ይርጋነሽ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰምተው፣ «ግሩም ነው። አሁን ደግሞ ምን እንዳልክ ንገረኝ» አሉኝ። ምን እንዳልኩ አላውቅም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሳነብ አስቁመው «ምን አልክ?» ይሉኝ ነበር። ዛሬም ቅዳሴ ላይ ቃሉ እንዲሁ ከአፌ ሊፈስ ሲል ያቺ ጥያቄ ትይዘኛለች። ደግ አድርጋለች።

ተማሪያቸውን የሚያስታውሱት በመልኩ አይደለም፤ መልክማ ይለወጣል ይላሉ። የሚያስታውሱት በጽሕፈቱ ነው። ፋንታ ማለት «ን»ን ገልብጦ የሚጽፍ ነው። ሰገነት ማለት ወረቀት እንዳያልቅባት ፊደሏን እንደ ጤፍ ፍሬ የምታሳንስ ናት። ደምለው ደግሞ መስመር የማይገዛው፣ ከታች ጀምሮ ዳገት ዳገቱን እየጻፈ የሚወጣ። ይኸን የሚሉት ልጆቹ ትልልቅ ሰዎች ከሆኑ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ከሞቱ በኋላ ነው።

ሞት በዕድሜ ተራ መጥራቱን ከተወ ቆየ። ፋንታ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ መኪናው ፍሬን በጠሰና እዚያው ቀረ። ሰገነት ነርስ ሆና ደብረ ኤልያስ ስትሠራ፣ የስንቱን እናት አዋልዳ ራሷ በወሊድ ሞተች። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እትዬ ይርጋነሽ የሁሉም ቀብር ላይ ይገኛሉ። ግን ቀብር ላይ የአስተማሪ ቦታ የለም። ዘመድ ከሬሳው አጠገብ ይቆማል፣ ጓደኛ ፎቶውን ይይዛል፣ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ እሳቸው ከኋላ ቆመው ይመለሳሉ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ «አስተማሪው ነበሩ» ተብሎ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ይኸ ውስጣቸውን ይበላው እንደነበር ያወቅሁት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው።

በእኛ ደብር አንድ ልማድ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አንድ ቄስ ድምፅ ማጉያ ይዞ ለሕያዋን ምሕረት፣ ለሙታን ዕረፍት ይለምናል። መጀመሪያ የሕያዋን ስም ይጠራል፤ የታመመ፣ መንገድ የወጣ፣ የታሰረ። ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ» ይላል። ቀጥሎ የሙታን ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ «ነፍስ ይማር» ይላል። ጠሪው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ፤ ድምፄ ያምራል ስለሚሉኝ።

አንድ እሑድ እትዬ ይርጋነሽ መጡና መስቀል ተሳልመው፣ ጥፍሬን አይተው፣ «አባ፣ ልጆቼን ይጥሩልኝ» አሉኝ።

«ደስ ይለኛል። ስማቸውን ይስጡኝ።»

«ፋንታ፣ ሰገነት...»

«የክርስትና ስማቸውን ነው እንጅ፣ እትዬ።»

«ፋንታን አያውቁትም? ከእርስዎ ኋላ አልነበር የሚቀመጥ?»

«እኔማ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እግዜር አያውቀውም?»

«እግዜርም ያውቀዋል፤ ሥርዓቱ ነው የማያውቀው» አልኋቸው።

«አንተ ስጦታው» አሉኝ፤ ሲናደዱ ቅስናዬ ይረሳቸዋል፤ «ይኸን ሁሉ ዘመን ፋንታ እያልሁ ጠርቸው አቤት ያለኝ ልጅ፣ ሲሞት ስሙ አይደለም ትለኛለህ?»

ነገሩ ግን እንደዚያው ነው። ፋንታ የቤት ስም ነው። ሰው በቤት ስሙ ይጠራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ትምህርት ቤት ይመዘገባል። ሲቆርብና ሲሞት ግን የሚጠራው ካህን በሰጠው ስም ነው። አስተማሪ ደግሞ ይህን ስም የሚያውቅበት መንገድ የለም።  እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አጣፉና «እንግዲያው እጠይቃለሁ» ብለው ሄዱ።

መጠየቁ ቀላል መስሏቸው ነበር። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ቅኔ ቤት በበዛበት አገር ደብተራም ይበዛል፤ የሰው የክርስትና ስም ከነእናቱ ስም የያዘ ሰው ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም ተብሎ ይፈራል። ጡረታ የወጣች፣ ልጅ የሌላት፣ ጥቁር የምትለብስ ሴት በየቤቱ እየዞረች የክርስትና ስም ስትጠይቅ ምን እንደሚባል መገመት ነው። «ይርጋነሽ ደብተራ ያዘች» ተባለ። አንዷ ውሻ ለቀቀችባቸው። እሳቸውም ከበሩ ውጭ ቆመው፣ «ሞቷል እኮ፣ የኔ እናት! ከእንግዲህ ምን ላደርገው እችላለሁ?» ብለው ጮኹ አሉ። በመጨረሻ እኔው አውደ ምሕረት ላይ ወጥቼ፣ ስሙን የፈለግሁት እኔ ነኝ፣ የሚጠራውም ለጸሎት ነው ብዬ መናገር ግድ ሆነብኝ።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ስሙን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ነበሩ፤ ከቀብሩ ወዲህ አፋቸው ላይ ያልዋለውን ስም ሲናገሩ ያለቅሳሉ። እትዬ ይርጋነሽም አብረው አልቅሰው፣ ስሙን በቃላቸው ይዘው ይመጡና ጆሮዬ ላይ ይነግሩኛል። የፋንታን ስም «ወልደ ሰንበት» ብዬ የጠራሁ ዕለት በሴቶቹ በኩል ቆመው ነበር።  ኋላ መጥተው፣ «ወልደ ሰንበት መሆኑን ሳላውቅ ነው ለካ እሑድም ትምህርት ና እያልሁ ያስቸገርሁት» አሉኝ። ሲስቁ ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የቢቸናው ሲያልቅ ሞጣ ያስተማሯቸውን ፍለጋ በሚኒባስ ይመላለሱ ጀመር። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ መንገዱ ያንገላታል፤ ቢሆንም አንድ ስም ይዘው ሲመለሱ ፊታቸው ገና በሚያስተምሩበት ዘመን እንደነበረው ይሆናል። አስተማሪ ሲሞት ተማሪው ይቀብረዋል እንጂ አስተማሪ ተማሪውን አይቀብርም፤ ይህ ተገላቢጦሽ እንኳ ከመጣ፣ ቢያንስ አንድ ሥራ አገኘሁበት ይሉ ነበር።

የደምለው ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው።

ደምለው የአስናቀች ልጅ ነው። አስናቀች ከገበያው ማዶ የምትኖር፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጀራ እየሸጠች ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ልጆቿ ደምለውና አገሬ ናቸው። ደምለው አሥራ ሁለተኛን አጠናቆ ሥራ ቢያጣ፣ ከክፍል ጓደኛው ከዘመነ ጋር ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። እዚያ ወባ ያዘው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተና አፈሩም እዚያው ሆነ። ዘመነ ብቻውን ተመለሰና ለደምለው አጎት ለቀለሙ ነገረው። እናቲቱን ማየት ግን አልቻለም፤ በማግሥቱ ወደ ሞጣ ሄዶ ባጃጅ መንዳት ጀመረ።

ቀለሙ የአባቱ ወንድም ነው፤ መርዶው የሚነገረው በእሱ ቃል ነው። ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ፤ እኔም ነበርኩ። በዚያ ሰሞን አገሬ እናቷ ቤት ሆና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች። መርዶው አሁን ቢነገር እናትም ልጅም አብረው ይወድቃሉ፤ በሆዷ ያለውም ይጎዳል። ስለዚህ እስክትገላገል ይቆይ ተባለ። እኔም ተስማማሁ፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ያን ዕለት የተባለው ስሕተት አልነበረም እላለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር አስናቀችና አገሬ ብቻ ሳያውቁ፣ ጠዋት ጠዋት አስናቀችን «ልጅሽ እንዴት ነው?» የሚላት ጠፋ። እሷም ኔትወርክ የለም ያላትን ቀለሙን አምና ተቀመጠች።

እትዬ ይርጋነሽ ይህ ሁሉ ሲሆን ሞጣ ነበሩ። አንድ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ዘመነን ያገኙታል። ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። ደምለው ሞተ፣ በእጄ ላይ ነው የሞተ፣ ለጋሽ ቀለሙ ነግሬያለሁ አላቸው። መርዶው መቆየቱን እሱም አያውቅ፣ እሳቸውም አልጠየቁ። ለአጎት ከተነገረ እናት ታውቃለች፣ ለቅሶውም አልፏል፣ እኔ ነኝ የዘገየሁ ብለው አሰቡ። ቢቸና እንደገቡ ዕቃቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ አስናቀች ቤት ሄዱ።

አስናቀች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጥቁር ለብሳለች። ጥቁሩ ጥቅምት ላይ ለሞተው ወንድሟ ነው፤ እትዬ ይርጋነሽ ግን ይህን ረስተውታል።

«እግዜር ያጽናሽ፣ አስናቀች» አሏት።

«አሜን፣ እትዬ። ምን ይደረግ፣ የሱ ፈቃድ ነው» አለች።

«ሞጣ ሆኜ አልሰማሁም ነበር እኮ። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! እርስዎ ምን አጠፉ።»

እዚህ ድረስ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እትዬ ይርጋነሽ ከጎኗ ተቀምጠው፣ እጇን ይዘው፣ «የደምለውን የክርስትና ስም ንገሪኝ፤ አባ ስጦታው እንዲጠሩልኝ» አሏት።

አስናቀች ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣችና ጉንጫቸውን ሳመች። «ልጄን አስበውት! ሰው ሁሉ ረስቶት እርስዎ አሰቡት!» አለች። «ገብረ ሕይወት ነው፣ እትዬ። ገብረ ሕይወት። ስልኩ ከተዘጋ ስንት ጊዜው፤ እኔም ሆዴ አላርፍ ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን አየች። እትዬ ይርጋነሽ የሙታን ስም እንደሚሰበስቡ እሷም ትሰማለች። «በሕያዋን በኩል ነው የሚጠሩልኝ፣ አይደል?» አለች።

ይኸን ሁሉ መጥተው ነገሩኝ። «ምን ልበላት? አገሬ ከጓዳ ሆዷን ይዛ ወጥታ ትስቅልኛለች። ራሴን ነቀነቅሁ፣ ስጦታው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።» ከዚያ ቁጣቸው መጣ። ለምን አልተነገራትም፣ እናንተ የእግዜርን ነገር ከመቼ ወዲህ ነው በምሥጢር የያዛችሁ፣ እናት ልጇ ከሞተ በኋላ ምስር ስትለቅም ማየት ምን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ስለ አገሬ ስነግራቸው ረገብ አሉ። መርዶ የዘመድ ነው፣ እኔ ባዕድ ነኝ፣ አልገባበትም አሉ። «ስሙ ግን አንተ ዘንድ ነው። እሑድ ምን ታደርጋለህ?»

ምን አደርጋለሁ? በሕያዋን በኩል ብጠራው፣ መሞቱን እያወቅሁ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ መዋሸት ነው። በሙታን በኩል ብጠራው፣ መርዶን በድምፅ ማጉያ ማርዳት ነው። የስሙ ትርጉም ደግሞ የሕይወት አገልጋይ ነው፤ ቅኔ ቤት ብሆን ኖሮ እደሰትበት ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያ መልአክ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ እንዳላሰበ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እሑድ መጣ። የሕያዋንን ስም ስጠራ አስናቀች ከወትሮው ቦታዋ ፊት ለፊት መጥታ ቆማለች፤ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለል አድርጋለች። ጠርቼ ጨረስኩ፤ ገብረ ሕይወትን አልጠራሁም። ወደ ሙታን ተሻገርኩ፤ እዚያም አልጠራሁትም። አስናቀች ስወጣ ሳቅ ብላ «አባ፣ ልጄን ረሱብኝ» አለችኝ። የሚመጣው ሳምንት አልኳት።

በሳምንቱ ውስጥ አገሬ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ወለደች። ወዲያው ቀለሙን ጠርቼ «እንግዲህ ምክንያቱ አለቀ» አልኩት። ቀለሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «አባ፣ አራሷን እንዴት ብለን? ክርስትናው ይለፍ» አለኝ። ሽማግሌዎቹም አጎነበሱ። ይህን ለእትዬ ይርጋነሽ ስነግራቸው፣ «ከክርስትናው በኋላስ? ጥርስ እስክታወጣ? ትምህርት ቤት እስክትገባ?» አሉ። ምክንያት መች ይጠፋል። እኔም ደከመኝ፤ የሚደረገውን እያወቅሁ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ።

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። አስናቀች አራስ ቤቱን ለጎረቤት ትታ መጥታለች። እትዬ ይርጋነሽ አጠገቧ ቆመዋል። የሕያዋንን ስም ጀመርኩ። ስለታመሙት ለመንኩ፣ መንገድ ስለወጡት ለመንኩ። መንገድ ስለወጡት ስል አስናቀች ዓይኗን ጨፈነች። አለፍኩት። የሙታንን ጀመርኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን ገልጣ ነበር፤ እኔን ነበር የምታየኝ። እንደዚያ ያለ ማየት አይቼ አላውቅም። ልጇን በሙታን መካከል ስትፈልገው አየሁ፣ እንዳይገኝም ስትለምን አየሁ። ስሞቹን ጨርሼ ድምፅ ማጉያውን አስቀመጥኩ።

ልብሰ ተክህኖዬን አውልቄ ስወጣ በሴቶቹ በር ጠበቀችኝ። ሕዝቡ ገና አልተበተነም፤ ቀለሙም ከሽማግሌዎቹ ጋር ዛፉ ሥር ቆሟል። አስናቀች መስቀል አልተሳለመችም።

«አባ» አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም፤ «በሕያዋን በኩል ሰማሁ፣ አልጠሩትም። በሙታን በኩል ሰማሁ፣ አልጠሩትም። ታዲያ ልጄ የት ነው ያለ?»

ቀለሙ ሮጦ መጣ። «አስናቀች፣ ነይ ወደ ቤት እንሂድ፣ አራሷ...» ማለት ጀመረ። እሷ አላየችውም። እኔን ነው የምትጠብቅ። እኔ ግን መስቀሌን በሁለት እጄ ይዤ ቀለሙን አየሁ።

እትዬ ይርጋነሽ ከጎኗ ዞረው ከፊቷ ቆሙ። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል፣ የሚደግፍ ሰው ያሰልፋል፣ ነገሩን በምሳሌ ያዞራል። እትዬ ይርጋነሽ ግን ሴት ናቸው፣ ባዕድ ናቸው፣ ጊዜውም ፀሐይ አናት ላይ የደረሰችበት ነበር። ሁለት እጇን ያዟት።

«አስናቀች፣ ደምለው ዐርፏል። መተማ ወባ ገደለው። ዘመነ አጠገቡ ነበር፤ ብቻውን አልሞተም።»

አስናቀች ወዲያው አልጮኸችም። እትዬ ይርጋነሽን ትክ ብላ አየቻቸው። «ስሙን የሰጠሁዎት እኮ እንዲመለስ ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ራስዎን ነቀነቁልኝ እኮ።»

«ነቀነቅሁ። አዎ፣ ነቀነቅሁልሽ።»

እትዬ ይርጋነሽ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ፤ እጇን ግን አልለቀቁም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊመቱ ሲነሡ፣ አንዷም እሪ ልትል አፏን ስትከፍት፣ አስናቀች እጇን አንሥታ ከለከለቻቸው። ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለት እሑድ ሙሉ በየትም በኩል አልነበረም ማለት ነው?»

«አዎ» አልኳት። 

«እስከሚመጣው እሑድስ የት ይቆያል?»

ቀለሙ እያለቀሰ «ለቅሶውን በወጉ እንጀምር፣ ሌላው ይደርሳል» አለ። አስናቀች ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄደች። ጫማዋን አወለቀች። «ልጄ ሜዳ ላይ አያድርም» አለች፤ «አባ፣ ይግቡ።»

ተመልሼ ልብሴን ለበስኩ። ዲያቆኑ መቋሚያውን ይዞ ተከተለኝ። ወደ ቤቱ መሄድ ጀምሮ የነበረው ሰው ሁሉ እየተጠራራ ተመለሰ። ድምፅ ማጉያ አልያዝኩም። የሕያዋንን አልጠራሁም፣ ሌላ ሙትም አልጠራሁም። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ» ብዬ ጀመርኩና ስሙ ጋ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ታምራለች ያሏት ያቺ ድምፅ ጠፋች። ሕዝቡ ጠበቀኝ። አስናቀችም ጠበቀችኝ።

«ገብረ ሕይወት» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሕዝቡ።

ጸሎቱ እስኪያልቅ አስናቀች ቆማ ነበር፤ አልተቀመጠችም፣ ማንንም አልተደገፈችም። ስጨርስ መጥታ መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያ ወደ እትዬ ይርጋነሽ ዞረች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረች።

«አሁን ላልቅስለት» አለች።